ዝምድና ሳይሻክር እምቢ ማለት፦ ለብድር፣ ለዋስትናና ለጊዜ ጥያቄ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ዘመድ ብድር ሲጠይቅ፣ ባልደረባ ዋስ ሁነኝ ሲል፣ ጎረቤት ቅዳሜያችንን ሲፈልግ አብዛኞቻችን የምንመልሰው «እስቲ እናያለን» ብለን ነው። ጠያቂው ይህን እንደ እሺ ቆጥሮ ሌላ ሰው መፈለጉን ይተዋል። ቀኑ ሲደርስ እኛ ስልክ አናነሳም፣ ወይም ከልጆች ወርሃዊ ክፍያ ቀንሰን እያጉረመረምን እንሰጣለን። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚባለው ይኸው ነው፤ ሐሜቱም አይቀርም፣ ገንዘቡም ይሄዳል።

በጊዜ የተነገረ፣ አጭርና ግልጽ እምቢታ ጠያቂውንም ይጠቅመዋል፤ ሌላ በር ለማንኳኳት ቀን ይተርፈዋልና። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ደብተር፣ አንድ ነጻ ማታ እና የአንድ ወር ልምምድ ይጠይቃል። በጨዋነት ተጀምሮ በጨዋነት እንዲያልቅ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ሒሳቡን ሳይሠሩ እምቢ ማለት የጀመሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚከለክሉት መከልከል የማይገባውን ሰው ነው።

1. ያለፉትን ሦስት ወራት እሺታዎች ጻፉ

በደብተሩ ገጽ ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ማን ጠየቀ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ሰጣችሁ፣ ለዚያ ሲባል ምን ቀረ፣ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰ። ገንዘቡን ከቴሌብርና ከባንክ መልእክቶች ላይ አንድ በአንድ ልቀሙ፤ በትዝታ ከሞላችሁት ትንንሾቹ ይጠፋሉ፣ ወሩን የሚበሉት ደግሞ እነሱ ናቸው። የ300 እና የ500 ብሮቹ ተደምረው ከአንዱ ትልቅ ብድር ሲበልጡ ማየት የተለመደ ነው።

ጊዜንም እንደ ገንዘብ ጻፉት። የሰው ዕቃ ለማጓጓዝ የዋለ እሑድ፣ ያልተፈለገ ኮሚቴ፣ «ሰነዱን ብቻ እይልኝ» ተብሎ እስከ እኩለ ሌሊት የተሠራ ሥራ ሁሉ ይግባ።

አራተኛው ዓምድ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ለዚያ ሲባል ምን ቀረ» ለሚለው የሚገኘው መልስ ነው በኋላ አፋችሁን የሚከፍተው። የማታ ትምህርት ምዝገባ፣ የጥርስ ሕክምና፣ እንቅልፍ፣ ከልጅ ጋር የሚዋልበት ከሰዓት፤ የቀረውን በስሙ ጻፉት። «ራሴን ልጠብቅ» የሚል ጥቅል ሐሳብ አክስት ስትደውል አይቆምም። «የመስከረም የምዝገባ ገንዘብ» የሚል ስም ያለው ነገር ይቆማል።

2. የማይነካውን ለዩ

ሁሉም ጥያቄ በአንድ ሚዛን አይታይም። ዕድር፣ ለቅሶ፣ ድንገተኛ ሕመም፣ የወላጅ ጡረታ ያልሸፈነው መድኃኒት ከዚህ መመሪያ ውጭ ናቸው። ለቅሶ መቅረት ራስን መጠበቅ ነው ብሎ የሚመክር ሰው አገሩን አያውቅም። ነገ እኛም ቤት ድንኳን ይተከላል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ሰው ዛሬ የሄድንበት ነው።

እነዚህን በደብተሩ ላይ ክበቡና ወርሃዊ ወጪ ውስጥ አስገቧቸው። ከተከበበው ውጭ የቀረው ነው ለውሳኔ የሚቀርበው።

3. ለሰው የሚሆን መደብ አስቀምጡ

ወር በገባ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ለሰው የምትሰጡትን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለምሳሌ 20,000 ብር እጁ ላይ የሚደርሰው ሠራተኛ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ዕቁብና ዕድር ከፍሎ 1,000 ብር ሊመድብ ይችላል። መጠኑን ኑሯችሁ ይወስነዋል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፦ መደቡ ካለቀ ለዚያ ወር አልቋል፣ ካልተነካ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ከደመወዝ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል በሌላ ሒሳብ ወይም በሌላ ፖስታ ይቀመጥ።

ጊዜም እንዲሁ ነው። በወር ሁለት ቅዳሜ ለሰው ከሆነ ሦስተኛውን የሚጠይቅ ሰው መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንመክራለን፦ ባይመለስ የሚጎዳችሁን ገንዘብ አታበድሩ። አሥር ሺህ አበድሮ ዓመት ሙሉ ከመጠባበቅ ሁለት ሺህ ብር ስጦታ ብሎ መስጠት ይሻላል። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው መጀመሪያ የሚያቆመው መደወል ነው፤ ከዚያ በዓል ላይ መምጣት ያቆማል። ገንዘቡም ሰውየውም አብረው ይሄዳሉ።

ማበደር ግድ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት ውስጥ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በችሎት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። «እነ እገሌ ሲቀበል አይተዋል» የሚለው ለዚህ አይበቃም። ወረቀቱ ላይ የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል፣ የሚመለስበት ቀን፣ የሁለታችሁ ፊርማና የምስክሮች ስም ይኑር። ወዳጅን ማስፈረም የሚከብደው ሰው በመጀመሪያ ማበደሩን ራሱ ደግሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

4. ቀን ቁረጡና በቀኑ ደውሉ

ስልክ ላይ ወይም ቡና እየተጠጣ የሚቀርብ ጥያቄ ወዲያው መልስ የሚያስፈልገው ይመስላል፤ አያስፈልገውም። «ሐሳብህን ሰምቻለሁ፣ ነገ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ» በሉ። ሰዓቱን መጥቀስ ግዴታ ነው፤ ሰዓት የሌለው ቀጠሮ «እናያለን» የሚለውን በሌላ አፍ መናገር ነው።

ከዚያ በቀጠሯችሁ ሰዓት እናንተ ደውሉ። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ስለሚከብድ ነው፤ የጠቅላላውን ሥራ ግማሽ የሚሸከመውም እሱ ነው። ራሱ ደውሎ እምቢ ያለ ሰው ጠያቂውን አክብሯል፤ በሦስተኛው ቀን ተፈልጎ የተገኘ ግን ሲሸሽ እንደተያዘ ይቆጠራል። በጽሑፍ መልእክት አትመልሱ፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም፣ ለሌላ ሰውም ተላልፎ ይነበባል።

5. ንግግሩን አዘጋጁ

ጥሩ እምቢታ ሦስት ክፍል አለው፦ ነገሩ እንደገባችሁ የሚያሳይ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ የማይሆነውን በግልጽ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር፣ የሚቻል ነገር ካለ እሱን የሚያቀርብ አንድ ዐረፍተ ነገር። ሦስተኛው ከሌለ ይቅር፤ ሁለተኛው ግን አይለሳለስ። «ትንሽ ይከብደኛል መሰለኝ» እምቢታ አይደለም።

ለታላቅ ዘመድ፦ «ጋሼ፣ ጭንቀትዎ ገብቶኛል። አሥር ሺውን ማበደር ግን አልችልም። ሁለት ሺህ ብር አለኝ፤ የሚመለስ አይደለም፣ ለልጁ ደብተርና ዩኒፎርም ይሁንልኝ።»

ለጓደኛ፦ «ሠርግህ ሠርጌ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አብሬህ ነኝ። ሚዜ ግን መሆን አልችልም፤ ልብሱንና መዋጮውን ዘንድሮ አልችለውም።»

ለአለቃ፦ «ሥራው መድረስ እንዳለበት ገብቶኛል። ዛሬ አምሽቼ ግን አልሠራም። ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ እስከ ምሳ አደርሰዋለሁ፤ ወይም በእጄ ካሉት ሁለት ሥራዎች የትኛው እንዲቆይ ይንገሩኝ።»

ምክንያት አታብዙ። አንድ ምክንያት ይበቃል፣ ባይኖርም ይሆናል። አምስት ምክንያት የደረደረ ሰው አምስት የመከራከሪያ በር ከፍቷል። ኪራይ ተጨመረብኝ ሲል «ስንት ተጨመረ?» ይባላል፤ ልጅ ታመመ ሲል «አሁን ተሻለው?» ይባላል፤ በመጨረሻ የሚቀረው እሺ ማለት ነው።

አትዋሹም። «ብር የለኝም» ያለ ሰው በሳምንቱ አዲስ ስልክ ይዞ ሲታይ ነገሩ ከገንዘብ ወደ ሰውነቱ ይዞራል። «ያለኝ ገንዘብ ለሌላ ነገር ተይዟል» ማለት እውነት ነው፤ ለምን እንደተያዘ የማስረዳት ግዴታም የለባችሁም።

6. ለሁለተኛው ግፊት ተዘጋጁ

መጀመሪያ እምቢ ማለት ብዙ ሰው ይችላል። የሚሸነፈው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የስልክ ንግግር በቅርብ እንመልከት፦

— እንዴ፣ ያለሽኝ እኮ አንቺ ብቻ ነሽ።
— ከብዶሽ እንደደወልሽ ገብቶኛል። አሥር ሺው ግን ከእኔ አይገኝም።
— ለአንድ ወር ብቻ! ደመወዝ እንደወጣ እመልሳለሁ፣ በእናቴ!
— አሥር ሺው ከእኔ አይገኝም፣ እህቴ። ሁለቱን ሺ ዛሬ ልላክልሽ?

ሁለተኛዋ ተናጋሪ አዲስ ቃል እንዳላመጣች አስተውሉ። ስለ መመለሱ አልተከራከረችም፤ ብትከራከር ኖሮ ጉዳዩ «አታምኚኝም ማለት ነው?» ወደሚለው ይዞር ነበር፣ ከዚያ መውጫ የለም። ያንኑ ዐረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ደገመችው፤ በጥያቄ ስለጨረሰችም ንግግሩ ወደሚቻለው ነገር ሄደ። ከሦስት ጊዜ በላይ መደጋገም ካስፈለገ «አሁን መሄድ አለብኝ፣ እሑድ እደውልልሻለሁ» ብሎ መዝጋት ነውር አይደለም።

«በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» ማዕድ ላይ ሲባሉ የፍቅር ናቸው፤ ጉርሻውን ተቀበሉ። ለፊርማና ለገንዘብ ሲባሉ ግን መልሱ «ክፉ አይንካህ፣ አልችልም» ነው። እናት ወይም ሽማግሌ ከተላከባችሁ ለአማላጁ ምክንያት አታስረዱ፤ ለጠያቂው ያላችሁትን ቃል በቃል ንገሯቸው። ለአማላጅ የለሰለሰ ሰው ሁለተኛ ጊዜ በቀጥታ አይጠየቅም፤ ሁልጊዜ በአማላጅ ይመጣበታል።

7. ዋስትና ለብቻው ይታይ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው፤ በዕለቱ ከኪስ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ቀላል ይመስላል። የሚመጣው በሦስት መልክ ነው፦ ለአዲስ ሥራ ቅጥር፣ ለባንክ ወይም ለማይክሮፋይናንስ ብድር፣ ዕጣው ቀድሞ ለደረሰው ለዕቁብተኛ። ዕቁብተኛው ገንዘቡን ወስዶ መጣል ቢያቆም የቀረውን ዙር የሚጥለው ዋሱ ነው።

ከመፈረም በፊት እነዚህን ተመልከቱ።

የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1725)፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈበትም አይጸናም (አንቀጽ 1922)። ስለዚህ መጠኑ ባዶ የተተወ ቅጽ ላይ፣ «እነሱ ይሞሉታል» ቢባልም፣ አትፈርሙ።

«በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ቆም በሉ። ተራ ዋስ መጀመሪያ ባለዕዳው ይጠየቅልኝ ማለት ይችላል። ይህ ሐረግ ባለበት ውል ግን አበዳሪው ባለዕዳውን ትቶ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል (አንቀጽ 1933)። በቅጾች ላይ በብዛት የሚገኘውም ይኸው ነው። የከፈለ ዋስ ባለዕዳውን መልሶ የመጠየቅ መብት አለው፤ ነገር ግን አበዳሪው ያላገኘውን ሰው እናንተም ላታገኙት ትችላላችሁ።

ያገባችሁ ከሆነ ብቻችሁን አትወስኑም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለዚያ ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና ሚስቱን ስምምነት ይጠይቃል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። «ከባለቤቴ ጋር ሳልመክር አልፈርምም» ማለት እንግዲህ ማምለጫ አይደለም፤ ሕጉ የሚለው ነው። ከመከራችሁ በኋላ ግን መልሱን በባለቤታችሁ ላይ አታላክኩ። «እሷ ናት እምቢ ያለችው» የሚል ቃል በዘመድ ውስጥ ለዓመታት ይዞራል።

ለዋስትና የሚያዋጣው ደንብ ማውጣት ነው፦ «ለማንም አልፈርምም፣ ቤት ውስጥ ተነጋግረን የወሰንነው ነው።» ሰውየው ስላልታመነ ሳይሆን ደንብ ስለሆነ አይቀየምም። ደንቡ የሚሠራው ግን ሳይጣስ ሲቆይ ነው፤ ለአንዱ ከፈረማችሁ «ለእሱ ፈርመህ ለእኔ?» ይመጣል። ለልጅ ወይም ለወንድም እህት መፈረም ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው «ከቤተሰብ ውጭ አልፈርምም» በሉ።

8. ውጭ አገር ላላችሁ

ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የሚልክ ሰው ላይ ጥያቄው በቁጥርም በመጠንም ይበዛል፤ የሚልከው ሰው ወር እንዴት እንደሚያልፍ አገር ቤት አይታይም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያው ዶላር ብዙ ብር ስለሚያወጣ «አሁን እኮ ቀለለህ» የሚል ቃል ተጨምሯል። የእናንተ ደመወዝና ኪራይ ግን አልተለወጠም፤ አገር ቤትም ዋጋው ጨምሯል።

የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። የወሩን መጠን በምታገኙበት ገንዘብ ቁረጡ፣ ቀኑን ወስኑ፣ የሚቀበልም የሚያከፋፍልም አንድ ሰው ይሁን። ከዚያ ውጭ ለሚመጣ ጥያቄ «ለዚህ ወር የላክሁት ያ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ተነጋገሩ» በሉ። በዓላትንና መስከረምን ቀድማችሁ አስሉ፤ የእነዚህ ወራት ጥያቄ ድንገተኛ አይደለም፣ በየዓመቱ ይመጣል።

በአረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያላችሁ እህቶች ከመላካችሁ በፊት የራሳችሁን ድርሻ በራሳችሁ ስም ባለ ሒሳብ አስቀምጡ። ሁሉንም ልኮ ኮንትራት ሲያልቅ ባዶ እጅ መመለስ በጣም ብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነው፤ በወንድም ስም የተሠራ ቤትም የወንድም ነው። ትንሽም ቢሆን ከእያንዳንዱ ደመወዝ ይቀመጥ፤ መጠኑን ለማንም መናገር የለባችሁም።

9. ከእምቢታው በኋላ

ለሁለትና ሦስት ቀን ይከብዳችኋል። ደረት ይጫናል፣ ደውሎ «በቃ ልስጥህ» ማለት ያምራል። አትደውሉ። ይህ ስሜት ስሕተት ሠርታችኋል ማለት አይደለም፤ አዲስ ነገር የሠራ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነው። በሁለተኛው ቀን የተሻረ እምቢታ ጠያቂውን «ትንሽ ብገፋ ይሆናል» ብሎ ያስተምረዋል።

በሳምንቱ ውስጥ ግን ለሌላ ጉዳይ ደውሉ ወይም ቤቱ ጎራ በሉ። ልጆቹን ጠይቁ፣ ቡና ጠጡ። ስለ ገንዘቡ እናንተ አታንሱ። ያኮረፈ ሰው ከሆነ ቶሎ ላይፈታ ይችላል፤ በዓል ሲመጣ እንደ ወትሮው እንኳን አደረሰህ በሉ።

ሁለት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛው፣ ለዓመታት ታፍኖ የኖረ ሰው እምቢ ማለት ሲጀምር ይቆጣል፤ የድሮውንም ሒሳብ አብሮ ያወራርዳል። ጥያቄውን ብቻ መልሱ፣ የ2014ቱን ብድር አታንሱ። ሁለተኛው፣ ለሁሉም እምቢ ማለት ነው፤ መደቡ ሳይነካ ሦስት ወር ካለፈ ሳትጠየቁ የምትሰጡት ሰው ፈልጉ።

እምቢ ያለን ሰው የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ የትዳር ጓደኛ ወይም አሠሪ ካለ ግን ይህ መመሪያ አይመለከተውም። እዚያ ላይ ንግግር መለማመድ አይረዳም፤ መጀመሪያ የምታምኑት ሰው ይወቅ፣ ቀጥሎ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ነጻ የሕግ አገልግሎት ይኬድ።

10. እሺ ካላችሁ በኋላ ሐሳብ ከተለወጠ

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሆኖም በዕለቱ ከሆነ ይመለሳል። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት፣ ደውሉና «ትናንት ቸኩዬ እሺ ብያለሁ፤ ሒሳቤን ሳየው አልችልም። ሌላ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ እንዲኖርህ ነው አሁን የደወልኩት» በሉ። ይቅርታ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሰውየው በቃላችሁ ተማምኖ ቀብድ ከፍሎ ከሆነ ግን የተጎዳውን ያህል ልትሸፍኑለት ይገባል።

የፈረማችሁት ዋስትና ከሆነ በስልክ አይወጣም። ባለዕዳው ሌላ ዋስ እንዲያቀርብ ጠይቁ፣ ከእሱ ጋር አበዳሪው ወይም አሠሪው ዘንድ ሂዱ፣ መልቀቂያችሁን ማኅተም ባለው ደብዳቤ ተቀበሉ። አዲሱ ዋስ ፈርሞ ደብዳቤው እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ዋስ እናንተ ናችሁ፤ እስከዚያው የውሉን ቅጂ አስቀምጡ፣ ክፍያው በቀኑ መግባቱንም በየወሩ ከባለዕዳው ደረሰኝ እየተቀበላችሁ አረጋግጡ።